ማውሱን ለተማሪው ልቀቁለት

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ትምህርት በነፃ ይሰጣሉ። እኔን የሚያስቀናኝ የማሽኑ ብዛት አይደለም። አስተማሪው የተማሪውን ማውስ አይነካም። ተማሪው ሲሳሳት አጠገቡ ቆሞ በቃል ይመራዋል እንጂ እጁን ሰዶ አይሠራለትም። እኛ አገር ግን ተማሪ ትንሽ ከዘገየ «ቆይ፣ አምጣው» ተብሎ ማውሱ ይወሰድበታል። ነገሩ በዓይን ጥቅሻ ተከፍቶ ይዘጋና «ገባህ?» ይባላል። ገባኝ ይላል። ምን ይበል?

እዚህ አሜሪካ ጅማሬው የእጅ ሥራ ነው። ጀማሪን የሚያስቸግረው ደብል ክሊክ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ ንክኪዎች ካልተቀየረ በቀር በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መከታተል አለባቸው። በመሀል ማውሱ ከተንሸራተተ ፋይሉ በመከፈት ፈንታ ይጎተታል፤ ስሙ ላይ ቀስ ተብሎ ሁለቴ ከተነካ ደግሞ ስም መቀየሪያው ይመጣል። ተማሪው «አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጣል። መላው ቀላል ነው፦ የእጅን አንጓ ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ጣትን ብቻ ማንቀሳቀስ፤ ካልሆነ ማውስ ሴቲንግ ገብቶ የደብል ክሊክ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ፤ እሱም ካስቸገረ አንዴ ነክቶ ኢንተር መጫን። በ1990 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣው የሶሊቴር ካርታ ጨዋታ ስንቱን ሰው መጎተትና መልቀቅ አስተምሮታል። እኛ ጋ ላብ ውስጥ ካርታ ሲጫወት የተገኘ ተማሪ ይባረራል።

ደብተሩማ ሙሉ ነው። ቫኪዩም ቲዩብ፣ ትራንዚስተር፣ የኮምፒውተር ትውልዶች፣ የራምና የሮም ልዩነት። ፈተናውም የሚወጣው ከዚያው ነው። ላብ ሲገባ አንድ ማሽን ለአራት ለአምስት ይሆንና ማውሱን የሚይዘው ቀድሞም የሚችለው ልጅ ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆመው ያያሉ፤ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ሰርተፊኬቱ ላይ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ አክሰስ፣ ፓወርፖይንት ተብሎ ይደረደራል፤ ባለሰርተፊኬቱ ግን የጻፈውን ፋይል የት ፎልደር እንዳስቀመጠው አያውቅም። መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ መጀመሪያ ሊያዝ የሚገባው ነገር ሴቭ ማድረግ ነበር። ዎርድ በራሱ የማገገሚያ ቅጂ የሚይዘው፣ ካልተስተካከለ በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ነው። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ፣ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ከሄደ የመሀሉ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ገና ባዶ ገጽ ላይ ሳሉ ፋይሉን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ በተጻፈ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስ መጫን ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፤ ኢሜይሉን ሌላ ሰው የከፈተለት ልጅ እንዴት ዘልቆ ይጨርሰዋል?

ማውሱን የመንጠቅ ልማድ ከክፍል ሲወጣ የሚያስከትለውን ጉዳት በዲቪ አይተነዋል። ቅጹን የሚሞላው ኢንተርኔት ቤቱ ነው። ፎቶውን 600 በ600 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ሳይበልጥ የሚያስተካክለው እሱ፣ ቅጹ ላይ የሚገባውም ብዙ ጊዜ የራሱ ኢሜይል ነው። አመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ ይወጣል። ውጤት የሚታየው ግን ቅጹ ሲላክ በሚሰጠው የኮንፈርሜሽን ቁጥር ነው፤ ደረሰህ ብሎ ኢሜይል የሚልክ የለም። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በድረ ገጹ ላይ ሊያስመልሰው ቢሞክር ከስሙና ከልደት ቀኑ ጋር ያኔ የተሞላውን ኢሜይል ይጠየቃል። ኢሜይሉ የማን ነው? የኢንተርኔት ቤቱ! ቁጥሩን ይዘው ገንዘብ የሚደራደሩም አሉ።

ስልክ ላይም ያው ነው። ብዙ ሰው የጉግል አካውንቱን የሚያወጣለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን ባለቤቱ አያውቀውም። ስልኩ ተዘግቶበት በቁልፎቹ ሪሴት ቢደረግ ደግሞ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል፤ ካልገባ አይከፈትም።

ለክረምት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ለወንድም ለእህታችሁ ኢሜይል ከፍታችሁ አትስጡ። ራሳቸው ይክፈቱት። ፓስወርዱን ራሳቸው መርጠው ሁለቴ ይጻፉት፣ አማርኛ ኪቦርድ ላይ እንዳልሆኑ አስቀድመው ይዩ፣ ወረቀት ላይም ይጻፉትና ቤት ያስቀምጡት። ከዚያ ከአካውንቱ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ ያለ እናንተ እርዳታ እስኪገቡ ድረስ ይደጋግሙት። የማስመለሻው ስልክ ቁጥር የእናንተ የውጭ ቁጥር ሳይሆን የራሳቸው ይሁን። ሲም ሲቀይሩም አሮጌው ቁጥር ሳይዘጋ አዲሱን ያስገቡ፤ አለበለዚያ አካውንቱን የሚያስመልሰው ኮድ የሚላከው በተዘጋው ቁጥር ነው።