ዝም ያለ ተጠርጣሪ፦ መብቱ ነው ወይስ መደበቂያው?

ተቃዋሚ፦
በቀጥታ ልግባ። ሰው ተገድሏል። በቦታው የነበረ አንድ ሰው ተይዞ ሲጠየቅ "አልናገርም" ይላል፣ ሕጉም መብትህ ነው ብሎ ይተወዋል። የሟች እናትስ? ልጇ እንዴት እንደሞተ የማወቅ መብት የላትም? ምንም ያላጠፋ ሰው የት እንደነበረ ሲጠየቅ ይናገራል። ይህን የምለው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ፣ ተጠርጣሪው ለፖሊስ ያልተናገረውን ነገር ኋላ ችሎት ላይ መከላከያ አድርጎ ቢያመጣው፣ ፍርድ ቤቱ ከዝምታው እሱን የሚጎዳ ግምት መውሰድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ፍትሕ ፈርሶባታል የሚል የለም።

ደጋፊ፦
ወንድሜ፣ የእናትየዋ ሐዘን እኔንም ያመኛል። ግን እሷ የምትፈልገው ገዳዩን እንጂ የተገኘውን ሰው አይደለም። "ያላጠፋ ይናገራል" ላልከው፣ አዎ ይናገራል፤ ችግሩ ያላደረገውንም ጭምር መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትሮጥ የነበረች ሴት ተደፈረች፣ ለሞት እስክትቃረብም ተደበደበች። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ተያዙ። ለሰዓታት ሲጠየቁ ቆይተው አራቱ በቪዲዮ ሳይቀር አመኑ። ቃላቸው እርስ በርሱ አይገጥምም፣ የተገኘው ዲኤንኤም የአንዳቸውም አልነበረም። ተፈረደባቸው። በ2002 ሌላ እስረኛ "እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነበርኩ" አለ፣ ዲኤንኤውም የእሱ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ልጆቹ አመኑ ተብሎ ፋይሉ እዚያ ላይ ሲቆም፣ ያ ሰው በዚያው ዓመት ሌሎች ሴቶችን ደፍሯል፣ አንዷንም ገድሏል። የእሷስ እናት?

ተቃዋሚ፦
አሳዛኝ ነው፣ አልክድም። ግን ጥፋቱ የመርማሪዎቹ ነው። ምርመራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀረጽ፣ ልጅ ያለ ጠበቃ አይጠየቅ፣ እስማማለሁ። አንቺ ግን ስለ አዋቂው ንገሪኝ። ጠበቃው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ካሜራ እየቀረጸ፣ ማንም ሳይነካው "ያን ሌሊት የት ነበርክ?" ሲባል አፉን ስለሚዘጋው። በዝምታ የሚጠቀመው እኮ ጥሩ ጠበቃ መግዛት የሚችለው ነው፤ ምስኪኑማ ፈርቶ ሁሉንም ይዘረግፋል።

ደጋፊ፦
ስለ ምስኪኑ ያልከው ልክ ነው። ታዲያ መብቱን ለእሱም አድርስለት እንጂ ለምን ከሁሉም ትነጥቃለህ? ሚራንዳ የተባለውን አሜሪካዊ ተጠርጣሪ ጉዳይ ተመልከት። ድሃ ነበር፣ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ሳይነገረው ተጠይቆ አመነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 ፍርዱን ሻረው። ወንጀለኛ ተለቀቀ ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ግን ዐቃቤ ሕግ ያን የእምነት ቃል ትቶ ምስክር አቀረበና ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተፈረደበት። ሥራውን የሚሠራ መርማሪ ዝምታ አያቆመውም።

ተቃዋሚ፦
ምስክር ሲኖር ነዋ! ሌላ ማስረጃ በሌለበት፣ እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ሲሆንስ?

ደጋፊ፦
ሌላ ማስረጃ ከሌለ እሱ ማድረጉን በምን አወቅክ? ያ አንተ የጠቀስከው የእንግሊዝ ሕግም እኮ በዝምታ ብቻ ማንም ጥፋተኛ እንዳይባል ይከለክላል።