ሌላ እጅ የማይጠይቅ ካሜራ

ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው የሜጋፒክሴሉ ብዛት ነው። አንድ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ግን ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚታይ ጉዳይ ነው። በጦርነት፣ በመኪና አደጋ ወይም በስትሮክ አንድ እጃቸውን ያጡ ወገኖች ዓይናቸውም ፍላጎታቸውም አብሯቸው አለ፤ ከፎቶ የሚያርቃቸው መሣሪያው ነው።

የባለሙያ የሚባለው ካሜራ ለሁለት እጅ የተሠራ ነው። ቀኙ ካሜራውን ይዞ ቁልፉን ይጫናል፤ ግራው ሌንሱን ከሥር ደግፎ ዙሙን ያዞራል። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 890 ግራም ይመዝናል። 24-70 ኤፍ 2.8 የሚባለው የካኖን ዙም ሌንስ (ሁለተኛው ትውልድ) ሲገጠምለት 805 ግራም ይጨመርበታል። ወደ 1.7 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ በአንድ አንጓ ተይዞ ስብሰባ ሙሉ ሲዋል፣ ያ እጅ ቤት ገብቶ ልብስ የሚቆልፈውም፣ እንጀራ የሚቆርሰውም እጅ መሆኑ መረሳት የለበትም። ከተጎዳ ተተኪ የለውም።

ከክብደቱ ይበልጥ የሚያበሳጨኝ የቁልፎቹ አቀማመጥ ነው። በበርካታ የኒኮን ዲ ኤስ ኤል አር (ሌንሳቸው የሚቀያየር፣ በውስጣቸው መስተዋት ያለባቸው) ካሜራዎች አይ ኤስ ኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ለመቀየር ከስክሪኑ በስተግራ ያለውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ በቀኝ አውራ ጣት ማዞሪያውን ማሽከርከር ያስፈልጋል። ቁልፉን አንዴ ነክቶ ለቅቆ ማዞሪያውን መጠቀም የሚያስችል ምርጫ እዚያው ሜኑ ውስጥ አለ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ተሠርቶ ሳለ የሚፈልገው ሰው ሳያውቀው ይቀራል።

ምክር ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ሪኮ ጂ አር 3 የተባለውን ትንሽ ካሜራ ነው። ከነባትሪውና ከነካርዱ 257 ግራም ነው። ሲበራ የሌንሱ ክዳን ራሱ ይከፈታል፤ ክዳን ነቅሎ ኪስ ውስጥ መክተት የለም። ለማንሳት የሚያስፈልጉት ቁልፎች በቀኝ በኩል ተሰብስበዋል፤ አመልካች ጣት የፊቱን ማዞሪያ፣ አውራ ጣት የኋላውን ይደርስበታል። ጉድለቱም መነገር አለበት፤ ዙም የለውም፣ ፍላሽ አልተሠራለትም፣ ባትሪው በአንድ ሙሌት 200 ያህል ፎቶ ነው የሚያነሳው። ሠርግ ለሚያነሳ ሰው አልመክረውም። ዙም ለሚፈልግ የሶኒ አር ኤክስ 100 ዓይነት ይሻላል፤ ዙሙ በማንሻ ቁልፉ ዙሪያ ባለች ትንሽ ዘንግ ይንቀሳቀሳል። አካሉ ግን ልሙጥ ስለሆነ የሚለጠፍ የጎማ መያዣና የእጅ አንጓ ማንገቻ ሳይጨመርበት ለአንድ እጅ አላምነውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀኝ እጅ ላለው ነው። ግራ እጁ ብቻ ለቀረው ሰው ገበያው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1936 በጀርመኗ ድሬስደን የተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ የተባለ ካሜራ የማንሻ ቁልፉ በግራ ነበር። ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። ዛሬ ግራ እጅ ብቻ ያለው ሰው ካሜራውን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ፎቶውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያዞረዋል። ይህን ዘዴ አከብራለሁ፤ ሰው ግን ካሜራ ገልብጦ እንዲኖር መፈረድ የለበትም። ለእነዚህ ሰዎች ስልክ ከብዙ ውድ ካሜራ ይበልጣል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። የማንሻው ምልክት መሐል ላይ ስለሆነ ቀኝና ግራ አይለይም፤ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍም ማንሳት ይቻላል።

በአገራችን የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ከወጣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠበቅበታል፤ የሥራ መሣሪያም በዚህ ውስጥ ይገባል። ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ካሜራ በጨረታ የሚገዛ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወይም ሚዲያ ይህን ሊያስብበት ይገባል። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ካሜራውን የሚይዘውን ባለሙያ ሱቅ ድረስ ይዞት ይሂድ። ባትሪውን አውጥቶ እንዲመልስ፣ ካርዱን እንዲቀይር፣ ማንገቻውን ራሱ እንዲያጠልቅ ጊዜ ይስጠው፤ ሻጩም ዕቃውን ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ በእጁ ያስይዘው።