የፎንዳንት ፍራፍሬ ፍሪጅ ውስጥ አይደርቅም

እህቴ፣ «ከፎንዳንት የተሠሩ የኬክ ፍራፍሬዎች ቶሎ እንዲጠነክሩ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው» በማለት ለደሴ ኬክ ሠሪዎች የሰጡት ምክር በሰፊው የሚታመን ቢሆንም ትክክል አይደለም። ፎንዳንት እንደ ሊጥ የሚታሽ የስኳር ማስጌጫ ነው፤ ስኳር ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ በቅዝቃዜ የጠነከረ የመሰለው የፎንዳንት ብርቱካን ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ስለሚያርፍበት ያብለጨልጫል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ቀለሙም ወደ ነጩ ክሬም ይወርዳል። ይህም ደሴ ተሠርቶ ሞቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ ለሠርግ በሚወርድ ኬክ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ፎንዳንትን የሚያጠነክረው በውስጡ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ መትነኑ ነው። ስለዚህ ለ250 ግራም ፎንዳንት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲኤምሲ (ፎንዳንቱ ቶሎ እንዲደርቅ የሚረዳ፣ ለምግብ የሚሆን ዱቄት) ጨምረው ይሹት፤ ብርቱካኑን በካሮት መፈቅፈቂያ ላይ አንከባለው ልጣጩን ካስመሰሉና እንብርቱ ላይ ቅርንፉድ ከተከሉ በኋላ (ቅርንፉዱን ልጆች እንዳይውጡት ለደጋሹ መንገር ይገባል) የበቆሎ ስታርች በተነሰነሰበት ትሪ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስፍራ ያሳድሩት። ለማስቀመጥም ከተከደነ ፕላስቲክ ይልቅ ካርቶን ይሻላል። ኬኩ ራሱ በክሬሙ ምክንያት ፍሪጅ የሚፈልግ ከሆነ፣ ፍራፍሬውን ሊቀርብ ሲል ይደርድሩበት።