ሰርተፍኬቱን ጨብጦ «ቅሬታ አለ?»

ሰሞኑን አንድ የሙያ ማኅበር ለተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናዎቹ አዲስ የቅሬታ ደንብ አውጥቷል። ቅሬታ ያለው ሠልጣኝ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞበት፣ ሥልጠናው ባለቀ በ3 ቀን ውስጥ ለአዘጋጁ ያስገባ ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣ አይታይም። ስም የሌለበትማ ጭራሽ አይከፈትም።

እኔን ያናደደኝ ግን ከደንቡ ይልቅ የማኅበሩ ኃላፊ ማብራሪያ ነው። ቅሬታ የሚያበዙት ለሰርተፍኬት ብቻ የሚመጡት ናቸው አሉ። ሠልጣኞች የሚሞሉት የግምገማ ቅጽ ሁሌም ጥሩ ውጤት እንደሚያመጣም ጨመሩበት።

ለሰርተፍኬት ብቻ የመጣ ሰው ምን ቅሬታ አለው? 8 ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥልጠና በ5 ሰዓት ውስጥ ሲያልቅ ለሱ ሠርግና ምላሽ ነው። ፈርሞ ውልቅ ይላል። አሠልጣኙ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች ቢያነበንብም ግድ የለውም፤ እሱ ስልኩ ላይ ነው። «3 ሰዓቱ የት ሄደ?» የሚለው ለመማር የመጣው ነው። እሱም ቢሆን ሲናገር የራሱን ጥቅም እየነካ ነው፤ 5 ሰዓት ተምሮ የ8 ሰዓት ተመዝግቦለታላ! በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሲኢዩ የተባለው የተከታታይ ትምህርት መለኪያ 1 ነጥቡ 10 የትምህርት ሰዓት ነው። ስለዚህ 3 ሰዓት ቀልድ አይደለም። ይህንን ጉዳት ተቀብሎ አፉን የከፈተውን ሰው ነው እንግዲህ ኃላፊው ሰርተፍኬት ፈላጊ የሚሉት። ነገሩን ገልብጠውታል።

አሁን ወደሚመኩበት ቅጽ እንምጣ። ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ሰዓት ነው። ሰርተፍኬቶቹ ማኅተም አርፎባቸው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አስተባባሪዋ ቅጹን እያደለች «ሞልታችሁ ስትመልሱ ሰርተፍኬታችሁን ትወስዳላችሁ» ትላለች። አሠልጣኙ እዚያው ፊት ለፊት የላፕቶፑን ገመድ ይጠቀልላል። ሠልጣኙ ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች 5ን ከላይ እስከ ታች ያከባል። እንዳይነቃበት አንዷ ላይ 4 ጣል ያደርጋል። «ተጨማሪ አስተያየት» ከሚለው ሥር «ጥሩ ነበር፣ ቀኑ ቢጨመር» ብሎ ይጽፋል። ሰርተፍኬቱን ተቀብሎ ይወጣል። በሩን እንዳለፈ ለጓደኛው «ጊዜዬን ነው የበሉት» ይለዋል። ኃላፊው «ጥሩ ውጤት» የሚሉት ይህንን ነው!

ደግሞ ቅጹ ቢበዛ የሚለካው ስሜትን ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠና ግምገማን በአራት ደረጃ ሲከፍል፣ የሠልጣኙን ስሜት መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጠው። ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ ተጠቀመበት ወይ፣ ለውጥ አመጣ ወይ የሚሉት ከዚያ በላይ ናቸው። ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ «ደርሰናል» ማለት ራስን መሸንገል ነው።

የ3 ቀኑ ገደብ ደግሞ የባሰ ነው። ከባዱ ቅሬታ አዳራሽ ውስጥ አይወለድም። ሥራ ላይ ነው የሚወለደው። አሠልጣኟ የቆየ ስላይድ ይዛ ቀርባ፣ የተሻሻለውን መመሪያ ሳትነካው አለፈች እንበል። የሠለጠነው ነርስ ይህንን በምን ያውቃል? ወደ ክፍሉ ተመልሶ፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ታካሚ ፊት ቆሞ፣ የተማረው የመድኃኒት መጠን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው አዲሱ መመሪያ ጋር አልገጥም ሲለው ነው። ያኔ ቅሬታውን ይዞ ሲሄድ «ጊዜው አልፏል» ይባላል። በአሜሪካ ለሐኪሞች ተከታታይ ትምህርት አዘጋጆች ዕውቅና የሚሰጠው ኤሲሲኤምኢ በአካል በተሰጠ ትምህርት ላይ ለሚነሳ ቅሬታ 12 ወር ነው ያስቀመጠው። 12 ወርና 3 ቀን! በ3 ቀን ውስጥ የሚታይ ጥፋት ቢኖር የማይክሮፎኑ መጮህ ነው።

ማመልከቻው የሚገባው ደግሞ ለአዘጋጁ ነው። አሠልጣኙን የመረጠው ማነው? አዘጋጁ። ሰዓቱን ያሳጠረው? አዘጋጁ። ለሚቀጥለው ሥልጠና ሠልጣኝ የሚመርጠውም እሱ ነው። ሙያው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። የዛሬው አሠልጣኝ ነገ የቅጥር ፈተና ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። እንዲህ ባለ መንደር ፈርመህ ክሰስ ማለት ዝም በል ማለት ነው።

ስም በሌለው ወረቀት የሰው ስም የሚያጠፋ አለ፤ አልክድም። ግን የቅሬታ አቅራቢውን ስም ማወቅ ሌላ፣ ስሙን ለተከሰሰው አሳልፎ መስጠት ሌላ። ስሙን አንድ ገለልተኛ ሰው ይዞት፣ ለአሠልጣኙ ጉዳዩ ብቻ ቢደርሰው ምን ይጎድላል? ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው አይኤስኦ 10002 የተባለው ዓለም አቀፍ የቅሬታ አያያዝ መመሪያ ምስጢር ስለመጠበቅ፣ ያለ አድልዎ ስለማየት፣ ቅሬታው መድረሱንና የት እንደደረሰ ለባለጉዳዩ ስለማሳወቅ ይናገራል። አዲሱ ደንብ ግን ሠልጣኙ በስንት ቀን ማስገባት እንዳለበት ሲቆጥር፣ አዘጋጁ በስንት ቀን መልስ መስጠት እንዳለበት አንድ መስመር አልጻፈም።

ኃላፊው በቅጹ ይህን ያህል ከተማመኑ መሞከሪያው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ሥልጠና ሰርተፍኬቱን መጀመሪያ ያድሉ። ቅጹን ከወር በኋላ፣ አዘጋጁ በማይከፍተው ኢሜይል በኩል ይላኩ። የመጣውንም ሳይሸራርፉ ለአባላቱ ይፋ ያድርጉት።