በሞቴ፣ አንዲት ለመንገድ

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ፦ የአዲስ አበባው ሞቅ ያለው ሹፌር። እስካሁን ከስድብ በቀር የደረሰው ነገር የለም። ግፍ ነው።

ይሄ ሰው ሳይጠጣ ሲነዳ እንደ ማናችንም ነው። ስድስተኛዋ ቢራ ላይ ግን ዓይኑ ይበራል። «እኔ እንደውም ሞቅ ሲለኝ ነው አሪፍ የምነዳው» ይላል። ማስረጃም አለው፤ ይኸው እስከዛሬ ቤቱ ገብቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ አልኮል ያለበት ሰው አይንዳ ይላል። የእኛ ሰው መለኪያው ሌላ ነው፤ ስልኩን መክፈት ከቻለ መኪናም ይነዳል። ጉበት አንዷን ቢራ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ እሱ ስድስቱንም በአንድ ስኒ መራራ ቡና ያወርዳቸዋል። ለትንፋሽ መመርመሪያው ደግሞ ማስቲካ አለ። መሣሪያው የሚለካው ከሳንባ የሚመጣውን አየር እንጂ የአፍ ጠረን አይደለም ብትሉት፣ «ባለ ሚንት ነው እኮ» ይላችኋል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከቢልቦርድ አወረደ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ከለከለ። ጥሩ። ጓደኛን ግን ማን ያወርደዋል?

መተጋገዛችንማ አይነሳ! አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ ፖሊስ ያሻውን ሹፌር፣ ጠጣም አልጠጣም፣ አስቁሞ ያስተነፍሳል። ዘዴው የሚሠራው ሹፌሩ የትና መቼ እንደሚያዝ ስለማያውቅ ነው። እኛ ጋ ወገን አለ። ትራፊክ ከቆመበት ገና ሳትደርሱ ከፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርግላችኋል። የማያውቀውን ሰው ነው የሚያድነው። ሰክሮ ይሁን መንጃ ፈቃዱን ረስቶ፣ አይጠይቅም። ያዳነው ሰው ትንሽ ቆይቶ የገዛ እናቱ የምትሻገርበት ዜብራ ላይ ይደርስ ይሆናል፤ ደግ ሰው መች ያን ሁሉ ያሰላል?

ባለፈው ቅዳሜ ሃያ ሁለት አካባቢ አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ሂሳብ መጣ። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «ሞቼ ነው!» አንዱ የሌላውን እጅ ጠመዘዘ። አስተናጋጇን «ከእሱ እንዳትቀበይ» ብሎ የሚማጸን አለ። በግርግሩ የአንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። የሚነዳውን ጓደኛችንን የመኪና ቁልፍ ግን የነካ የለም። የሰው ቁልፍ መቀማት ነውር ነዋ! እንደውም መሬት ሲወድቅበት በስልክ መብራት ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የፈለግኩለት እኔ ነኝ።

«በሞቴ፣ አንዲት ለመንገድ» አልነው። ጠጣልን።

ከዚያ አራታችንም ወጣን። ብቻውን ከፓርኪንግ መውጣት አልቻለማ። «ና! ና! ቁረጥ! መልስ! ና!» እያልን፣ ከኋላና ከፊት ተከፋፍለን፣ በሰላም አስፋልት አስገባነው። መኪና የሚጠብቀው ልጅ ብሩን ተቀብሎ አመሰገነና ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ።