ጉበት ሥራ እንዳይፈታ

ድሬዳዋ ውስጥ ከፕሮቲን ጠጪ ወጣቶቻችን በላይ ምስጋና የሚገባው ካለ አምጡልኝ። በዚህ ሙቀት! አመሻሽ ላይ ከዚራም ሂዱ፣ ሳቢያንም ሂዱ፣ ጂም በር ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሼከሩ (የፕሮቲን ዱቄቱ መናጫ) እጅ ላይ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ካልታየ ምኑን ተጠጣ?

ጥንቃቄያቸውስ! አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ማንኪያውን በዱቄት ሞላ፣ ዳር ዳሩን በጣቱ ጠረገ፣ ጣቱን ላሰ። ከዚያ እየናጠ፣ «አቦ፣ ያለዚህ ጡንቻ የለም» አለኝ። ብረቱን ያን ቀን አልነካውም። በርጫ ሲረዝም ብረት ይተላለፋል፤ ፕሮቲን ግን አይተላለፍም።

ጠዋት ፉል በእንቁላል በዳቦ በልቷል። እሷ ብቻዋን ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ትጠጋለች፤ አንድ ማንኪያ ዱቄትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ምሳ ሽሮ አለ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን የሚመከረው 56 ግራም ነው፣ በኪሎ 0.8 ሂሳብ። ብረት ከልቡ የሚያነሳ ሰው በኪሎ እስከ 1.6 ቢያደርሰው ይጠቅመዋል። የኛ ጀግና ግን በሂሳብ የሚታጠር ሰው አይደለም።

ውለታው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ስብ ያከማቻል፤ ለትርፍ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ) ግን ማስቀመጫ የለውም። ስለዚህ ጉበት ናይትሮጅኑን ነጥሎ ዩሪያ ያደርገዋል፣ ኩላሊት በሽንት ይሸኘዋል። የቀረው ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ስኳርና ስብ ይሆናል። ሳይንቲስቶቹ ክሬብስና ሄንሰላይት ይህን የጉበት ሥራ (የዩሪያን ዑደት) በ1932 እ.ኤ.አ. ሲደርሱበት፣ ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ስፖንሰር ያገኛል ብለው አላሰቡም። ጤነኛ ጉበት ለዚህ ሥራ አይደነግጥም፣ እውነት ነው። ግን ሥራ ፈቶ ቢቀመጥስ? ወጣቶቻችን ደረሱለት። በውጭ ምንዛሪ የገባ ዕቃ (በየት በኩል እንደገባ አንጠያየቅም፣ ድሬ ነን) በሽንት ቤት ይወጣል።

ከፍ ያለው ማዕረግ ደግሞ የቢሲኤኤ ጠጪዎች ነው። ቢሲኤኤ ማለት ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው፦ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን። ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው፣ ከምግብ የግድ መምጣት ያለባቸው አሚኖ አሲዶች 9 ናቸው፤ ጡንቻም ሲገነባ ዘጠኙንም ይፈልጋል። እነሱ በ3 ጀመሩት። ጉልቻስ በሦስት ድስት ይሸከም የለ? ስድስቱ ከየት ይምጡ ካላችሁ፣ ሆዱ ባዶ ከሆነ ከራሱ ከሰውነቱ ፕሮቲን እየፈረሱ። ጡንቻ ለመገንባት ጡንቻ ማፍረስ! እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የት ታይቷል?

ስለ ዱቄቱ ስጠይቀው ዌይ ነው አለኝ፣ በኩራት። አይብ ሲወጣ ከሚቀረው አጓት የሚዘጋጅ ነው። አያቱ አጓቱን በጣሳ ሲሰጡት ግን ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም። ጥፋቱ የአያቱ ነው፤ ቸኮሌት አልጨመሩበትም።