ላይምላይት ከሎሚ አይደለም፣ ከኖራ ነው

ወንድሜ፣ «ኢን ዘ ላይምላይት» የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ሎሚ ከሚመስል አረንጓዴ መብራት መጣ ያልከው ስህተት ነው። «ላይም» በእንግሊዝኛ ሎሚም ኖራም ነው፤ እዚህ ኖራው ነው። ውሃ ያልነካው የኖራ ዘንግ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ሲግል ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ላይምላይት የተባለው ይህ መብራት በ1837 እ.ኤ.አ. ለንደን ኮቨንት ጋርደን ቴአትር ገባ። እሳቱ አንድ ቦታ ከቆየ ኖራውን ይቦረቡረዋል፣ ብርሃኑም ይደክማል፤ ስለዚህ ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ ዘንጉን እያዞረ ነበር የሚሠራው። እርጥበት ካገኘውማ ይሰነጠቃል።

ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ አንዱን ተዋናይ ለይቶ የሚከተለውን መብራት አስበው፤ ሥራው ያ ነበር። ሐረጉም «የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈበት» ማለት ነው። «ሀብታም ሆነ» ብለህ እንዳትተረጉመው፤ ቤሳቢስቲን የሌለውም ላይምላይት ውስጥ ሊገባ ይችላል።